እንጨት የቀቀልንበት ቅዳሜ

በቆሎ ሲቀቀል አይታችኋል፣ ድንች ሲቀቀል አይታችኋል። እንጨት ሲቀቀል ድስቱ አጠገብ ቆሞ ልቡ ጉሮሮው ጋ ደርሶ የሚያውቅ ሰው ግን ከናንተ መሃል ካለ እጁን ያውጣ። የለም። እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንኪያ ይዤ ቆሜያለሁ። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ጊዜው የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ስደተኛ ሆኜ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስድስተኛንም ሁለቴ ነው የተማርኳት፣ ስለምወዳት። ሥራዬ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ ተሳፋሪ በቫን እየጫንኩ ተርሚናል ማድረስ ነው። ግን ያደግሁት ደብረ ዘይት ነው፣ አየር ኃይሉ ጓሮ። ጄት በተነሳ ቁጥር የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ ቆርቆሮው ከተንቀጠቀጠ አውሮፕላን አውቃለሁ ማለት ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ቫኑ ውስጥ ለገባ ሰው ሁሉ ስለ አውሮፕላን ሌክቸር እሰጣለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ቢንያም የሚለውን ስሜን ትተው «ካፒቴን» ይሉኝ ነበር። እያሾፉብኝ እንደሆነ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ጋሽ ደምሴንም ያገኘኋቸው እዚያው ቫን ውስጥ ነው። አንዱን ፈረንጅ ይዤ፣ አውሮፕላንን የሚያነሳው ሞተሩ ነው፣ ክንፉ ለባላንስ ብቻ ነው እያልኩ አስረዳለሁ። ከኋላ ወንበር በአማርኛ፣

«ልጄ፣ ይሄን የመሰለ አፍ ይዘህማ ላንተ ክንፍም ሞተርም አያስፈልግህም» የሚል ድምፅ መጣ።

ዞር ስል ነጭ ፀጉር፣ ወፍራም መነጽር፣ የተተኮሰ ሸሚዝ። በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ ኢንጂነር ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል፣ ቤታቸው ሳን ሆዜ ነው። ሻንጣቸውን ሳወርድላቸው፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ አለህ?» አሉኝ። «ኧረ ለርስዎ የለኝም» አልኩ። እንደዚያ ተጀመረ።

ምን አለፋችሁ፣ ሰውየው ጋራዣቸው ውስጥ አውሮፕላን ሠርተዋል! እውነተኛ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ የእንጨት። በዚህ አገር ሰው ቤቱ ውስጥ አውሮፕላን መሥራት ይፈቀድለታል። እሳቸው የራሳቸውን ሠርተው በርረው ሲጨርሱ፣ ሌላውም እንዲሠራ ፕላኑን መሸጥ ጀመሩ። እኔ ወረቀቱን እቆጥራለሁ፣ እጠቀልላለሁ፣ ረጅም የካርቶን ቱቦ ውስጥ እከታለሁ፣ ፖስታ ቤት አደርሳለሁ። በቃ፣ ለጓደኞቼ «አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ሁለተኛ ሰው ነኝ» ብዬ አወራሁ። ውሸትም አይደለም፣ እኛ ሁለት ብቻ ነበርን።

ሦስተኛ ካላችሁ ሊዲያ ናት፣ ልጃቸው። ሳንታ ክላራ አንድ የጠበቆች ቢሮ ትሠራለች። አማርኛ አንድም አያመልጣት፣ መልሷ ግን ሁሌ በእንግሊዝኛ ነው። ፕላን የሚገዛ ሰው የሚፈርመውን ወረቀት ያዘጋጀችው እሷ ናት። ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ደምሴ ቁጭ አድርገው፣

«ስማኝ። እኛ የምንሸጠው ወረቀት ነው» አሉኝ። «አውሮፕላን አንሸጥም፣ ምክርም አንሸጥም። አንድ ሰው ሠርቶ ቢወድቅ፣ ቤተሰቡ የሚከሰው ወረቀቱን የሸጠውን ነው። ላያቢሊቲ ይባላል። ይሄ የተቀመጥክበት ቤት ይሄዳል። ሰው ጥያቄ ከጠየቀ ለኔ። አንተ ምንም አትመልስም። ገባህ?»

«ገባኝ ጋሼ።»

አልገባኝም። ላያቢሊቲ የሆነ የመድን ዓይነት መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ተኝተው ሳለ ደብዳቤ መጣ። ፕላናችንን ከገዛ፣ ሬይ ከሚባል ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ስልክ ደውሎ ሁለት ሦስቴ አውርተናል፤ ቀልዴን ይወደዋል፤ ኢንጂነር ነው ብሎ ያሰበኝ እሱ ነው፣ እኔ ደግሞ አላረምኩትም። ጥያቄው አጭር ነው። ፕላኑ ላይ ለክንፉ ፊት የተጻፈው የአውሮፕላን ኮምፔርሳቶ ቶሎ አይገኝም፣ ወራት ያስጠብቃል፤ እዚህ ሰፈር ካለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚሸጠውን ኮምፔርሳቶ ብጠቀም ችግር አለው?

እኔ ምን አሰብኩ? ኮምፔርሳቶ ኮምፔርሳቶ ነው አልኩ። ደብረ ዘይት ኮርኒሳችን ኮምፔርሳቶ ነበር፤ ስንት ክረምት አሳልፏል። ሰውየው ደግሞ ፈርቷል። ሰው ሲፈራ ምን ይባላል? «አይዞህ፣ በኔ ይሁንብህ» ይባላል። ማጽናኛ ነው። አገራችን ላይ በቀን ስንቴ እንላለን፣ ማንም ፍርድ ቤት ይዞት ሄዶ አያውቅም። ወረቀት አነሳሁና ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ገልብጬ፣ «ተጠቀመው፣ አትፍራ፣ ኢት ኢዝ ኦን ሚ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ቢንያም፣ ከአየር ኃይል ከተማ» ብዬ ፈረምኩበት። ፊርማዬ ቆንጆ ነው። ላክሁት፣ ረሳሁት።

ዓመት ከምናምን አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ከኦክላንድ ተነስቼ ሳን ሆዜ ደረስኩ። ሊዲያ ወጥ ቤት ቆማ የስልክ መልእክት ታዳምጣለች። የሬይ ድምፅ ነው፣ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎታል። «ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እበራለሁ! ለወጣቱ ኢንጂነር ንገሩልኝ፣ ተጠቀመው ብሎ የፈቀደልኝ ፕላይውድ ዛሬ አየር ላይ ይወጣል!»

ጋሽ ደምሴ ከመኝታ ቤት በሸሚዝ ብቻ ወጡ።

«የምን ፕላይውድ?»

ዓይኔን ወደ ስልኩ አዞርኩ።

«አንተ ልጅ። የምን ፕላይውድ ነው?»

«ያው ጋሼ… ኮምፔርሳቶ ነዋ።»

«የት የሚሸጥ ኮምፔርሳቶ?»

ነገርኳቸው። እያሳጠርኩ፣ እያሳመርኩ ነገርኳቸው። የጻፍኩትን ስናገር ሊዲያ ጭንቅላቷን ያዘች።

«በኔ ይሁንብህ ማለቴ እኮ ነው» አልኳት። «ማጽናኛ ነው! አንቺም ታውቂያለሽ!»

ታውቃለች። ችግሩ እሱ ነው። በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታስረዳ አስረዳችኝ። ኢት ኢዝ ኦን ሚ ማለት ሁለት ነገር ነው። ወይ ምሳ እኔ እጋብዛለሁ፣ ወይ ጥፋት ከመጣ የኔ ነው። «ስለ ምሳ ነበር የጠየቀህ?» አለችኝ።

ጋሽ ደምሴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ «ያ እንጨት ነው ክንፉ እንዳይጠመዘዝ የሚይዘው» አሉ። «ኮላው መጥፎ ከሆነ ይላቀቃል። ከተላቀቀ ክንፉ ይዞራል።» እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ገለበጡት። እንደዚያ። በቃ።

ሬይ ቤት ደወልን፣ አይነሳም። ወጥቷል ማለት ነው። ጋሽ ደምሴ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። ሊዲያ በር ላይ ቆመች። ያኔ ነው የነገሩ ክብደት ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው፤ ምክንያቱም ያለችው ትክክል ነበር። ዳዲ፣ አሁን ወረቀት ብቻ የሸጠ ሰው ነህ አለቻቸው። የቢኒ ደብዳቤ መጥፎ ነው፣ ግን ቢኒ ኢንጂነር አይደለም። አንተ ሄደህ አውሮፕላኑን በእጅህ ከነካህ፣ አይተህ አንድ ቃል ከተናገርክ፣ ያንተ ይሆናል። ማንም ጠበቃ ሂድ አይልህም።

«እሺ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ የጫማቸውን ክር እያሰሩ። «ካየሁት የኔ ይሆናል። ካላየሁትስ የማን ነው?»

በሩን አልለቀቀችም።

«ሊዲያ፣ ያቺን ክንፍ የሣልኳት እኔ ነኝ።»

ቁልፏን አነሳች። «እኔ ልንዳ፣ አንተ ቀስ ነው የምትነዳው።» ይሄን በአማርኛ ነው ያለችው። ከሷ አማርኛ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ በጣም ፈራሁ።

ሬይ የሚበርበት የአውሮፕላን ሜዳ ከሳን ሆዜ ወደ ደቡብ ነው፣ የነጭ ሽንኩርት ማሳ መሃል ያለች አንዲት መስመር። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ ምናልባት ሐሳቡን ቀይሮ ትክክለኛውን እንጨት ገዝቶ ይሆናል፣ ምናልባት ሞተሩ እምቢ ይል ይሆናል እያልኩ እጸልያለሁ። የሰው ሞተር እንዲበላሽ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ሲል ደረስን። ሞተሩ እምቢ አላለም። ቀይ አውሮፕላን፣ እንደ አዲስ ጫማ የምታብለጨልጭ፣ እየጮኸች ቆማለች። ሬይ ውስጥ ነው። ጎረቤቶቹ ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ኬክ አስቀምጠዋል። መኪናዋ ሳትቆም ወረድኩና እጄን እያወዛወዝኩ ወደ አውሮፕላኗ ፊት ሮጥኩ።

«ከፕሮፔለሩ ራቅ፣ አንተ ጅል!» ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ ጮኹ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲጮኹ አልሰማሁም። ወደ ጎን ዘለልኩ። ሬይ አየኝና ሞተሩን አጠፋ። ስሙን ስጠራው ድምፄን ከስልኩ ለየው።

«ኢንጂነሩ መጣ!» ብሎ ወርዶ አቀፈኝ። ሰባ ዓመት የሚጠጋው ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ ጎኔን ሊሰብረው።

«ሬይ» አልኩት፣ «እኔ ኢንጂነር አይደለሁም።»

ሳቀ። ጎረቤቶቹም ሳቁ። የቀልደኛ መከራ ይሄ ነው፤ ዓመት ሙሉ በስልክ ሳስቀው ከርሜ አሁን ምን ብዬ ላሳምነው?

«እውነቴን ነው። ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።»

ይባስ ሳቁ። አንዷ ሴትዮ ኬክ በወረቀት ሰሃን ሰጠችኝ።

ጨነቀኝ። ኪሴን ዳበስኩና የሥራ ባጄን አወጣሁ። ፎቶዬ አለበት፣ ከሥሩ «ሻትል ድራይቨር» ይላል፣ የቫን ሾፌር። ሰጠሁት። አነበበው። ገልብጦ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲወርድ ቀስ እያለ ነው የወረደው፣ ከላይ ወደ ታች።

«ታዲያ እንጨቱስ?»

«አላውቅም» አልኩት። «ያን ጊዜም አላውቅም ነበር።»

ያቺን ቃል በሰው ፊት ስላት የመጀመሪያዬ ነው።

ሬይ ወደ ሃንጋሩ፣ አውሮፕላኗ ወደምታድርበት መጋዘን፣ ገብቶ ግድግዳ ላይ ወዳለች ነገር ጠቆመ። ደብዳቤዬ ናት። በፕላስቲክ ለብጦ ሰቅሏታል። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው እስከ ፊርማው አነበቧት፣ እኔን አላዩኝም። ከዚያ፣ «ቁራጭ ተርፎህ ይሆን? ከዚያው ከተጠቀምክበት?» አሉት።

ከቁርጥራጭ በርሜል ውስጥ አንድ የመዳፍ ያህል አወጣ። ሬይ ባቄላ የሚያሞቅባት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና ድስት አለችው። ጋሽ ደምሴ ውሃ ሞሉ፣ እንጨቱን ጨመሩ፣ ማንኪያውን ለኔ ሰጡኝ።

«ጥሩ ኮላ ሦስት ሰዓት ቢፈላም አይለቅም። መጥፎው ይለቃል» አሉ። «እንዳይንሳፈፍ ተጫነው።»

«ከያዘስ?» አለ ሬይ።

«ከያዘ ከጎንህ እቀመጣለሁ።»

«ዳዲ!» አለች ሊዲያ።

ቆምኩ። ውሃው ፈላ። የጎረቤት ሕዝብ ተሰብስቦ ድስት ውስጥ ያፈጣል። አንዱ ሽማግሌ «ጨው አድርገህበታል?» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አሥር መልስ ነበረኝ፤ ያን ቀን እንጨቱን ወደ ታች ተጫንኩት። ሬይ ወንበሩን አጠገቤ አምጥቶ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት አንድ መስመር ነው የነዳሁት አለኝ፣ ኦክላንድ ውስጥ፣ ሰባ ሁለት ፌርማታ። መዞር ባማረኝ ቁጥር መዞር አልችልም ነበር። ውሃውን እያየ ነው ያለኝ።

አንድ ሰዓት ሞላው። ጋሽ ደምሴ እንጨቱን በመቆንጠጫ አውጥተው ጠርዙን በጥፍራቸው ሞከሩት። ድርቅ ብሏል። ንቅንቅ አይልም።

«አላልኳችሁም!» ብዬ ዘለልኩ። አፌ ነው፣ እኔ አይደለሁም። «የኮምፔርሳቶ ነገር እኮ…»

«ዝም በል» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ውሃ ጨምር።»

ጨመርኩ። ሁለት ሰዓት። ነፋስ ተነሳ፣ ወንበሮቹ መሰብሰብ ጀመሩ። ኬኩ አለቀ። ሊዲያ ሃንጋሩ በር ላይ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትበላለች፤ ይያዝ ብላ ይሁን ይልቀቅ ብላ የምትጸልየው አላውቅም። ከያዘ አባቷ ይበራል። ከለቀቀ የምታስከስሰን ደብዳቤዬ አለች።

ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ማንኪያዬ አንድ ነገር ተሰማት። ጠንካራው ነገር ለስለስ አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከድስቱ ውስጥ አንድ እንጨት አልነበረም፤ ሦስት ነበሩ። ዝናብ እንደመታው ደብተር ቅጠል በቅጠል ተለያይቶ ይንሳፈፋል።

ሬይ በእጁ አወጣው፣ እያቃጠለው። አንዷን ቅጠል ወደ ብርሃኑ አነሳት። ከዚያ አውሮፕላኗን አየ፣ ክንፏን። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«ሌላው ሥራህ ቆንጆ ነው» አሉት። «ከኔ ይበልጣል። ይሄ ብቻ ይፈታል።»

ሬይ ተነሳ። ወደ ግድግዳው ሄዶ ደብዳቤዬን አወረደ። ሊዲያ ቆመች። የሳን ሆዜው ቤት፣ ጋራዡ፣ ሁሉም እዚያ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ሰውየው ወረቀቷን እንደገና አነበባት።

«እንጨቱን መጠበቅ ያልፈለግሁት እኔ ነኝ» አለ። «መስማት የምፈልገውን የሚነግረኝ ሰው ፈለግሁ፣ አገኘሁ።» ከዚያ ደብዳቤውን አጥፎ ጋሽ ደምሴ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ከተተው። «እኔ ዘንድ ከቆየች አንድ ቀን ስናደድ እጠቀምባት ይሆናል። አንተ ያዛት።»

ሊዲያ ፊቷን አዞረች። እያለቀሰች እንደነበር አይቻለሁ፣ ትክዳለች።

ሬይ ወደኔ ዞረ። «አንተ ግን» አለ፣ «ኦን ሚ ብለሃል አይደል? በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ። የሥራ ልብስ ልበስ።»

ምን ልላችሁ፣ ሰባት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ሄድኩ። የክንፉን ፊት በሙሉ ልጠን አወጣነው፣ ትክክለኛው እንጨት እስኪመጣ ጠበቅን፣ መልሰን አለበስነው። መጀመሪያ ሲያስጠርገኝ ከረመ። ከዚያ ኮላ ማዋሃድ አሳየኝ። ከዚያ መጋዝ ሰጠኝ። ጋሽ ደምሴም በየሁለት ሳምንቱ ይመጣሉ፣ ሊዲያም አትሂድ ማለቷን ተወች። እጄ ከአፌ የተሻለ እንደሚሠራ ያወቅሁት እዚያ ነው። ዛሬ እንጀራዬ ይሄው ሆኗል፤ የድሮ የእንጨት አውሮፕላን ጥገና። ኮላዬን አይታችሁ ብታደንቁ አልቀየምም፣ ማድነቅም አለባችሁ።

ሬይ በረረ። ደህና ወጣ፣ ደህና ወረደ። ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ነዳጁ እስኪያልቅ እንደ ልጅ ሲዞር ዋለ።

እናንተ ይህን የምትሰሙ፣ አፋችሁ ለስላሳ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የኔ አገር ሰዎች ናችሁ። ሰው ሲፈራ ዝም ብለን ማየት አንችልም። አይዞህ በሉ፣ እሱን አትተዉ። አይዞህ ማንንም አይገድልም። ግን የማታውቁትን ነገር በትከሻችሁ አትሸከሙለት። እናንተ ቃል ብቻ ነው የሰጣችሁት፤ እሱ ግን ያንን ቃል ክንፍ አድርጎ ሰማይ ላይ ሊወጣበት ይችላል። እኔ ያኔ ከዚያ ድስት አጠገብ ባልቆም ኖሮ፣ እስከ ዛሬ ቫን ውስጥ ክንፍ ለባላንስ ነው እያልኩ እኖር ነበር። ወይም የሬይን ስም መስማት የማልችል ሰው ሆኜ።

ጋሽ ደምሴ ፕላን መሸጥ አላቆሙም። ስልኩን አሁንም እኔ ነኝ የማነሳው። ባለፈው አንዱ ደውሎ ስለ ሞተር ጠየቀኝ። አላውቅም፣ ጋሽ ደምሴን ጠይቄ ልደውልልህ አልኩት። ስለ ብሎን ጠየቀኝ። እሱንም አላውቅም፣ እጠይቅልሃለሁ አልኩት። ሰውየው ተናደደ።

«ማንም ምንም የማያውቅበት፣ ምን ዓይነት ሱቅ ነው ይሄ?»

«ደንበኞቹ በሙሉ በሕይወት ያሉበት ሱቅ ነው» አልኩት።

ከዚያ ፕላኑን አዘዘ።